ዝም ያለ ሁሉ ለምዷልን?

በሐዋሳችን፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማም፣ ባለቤት የሌለውን ውሻ ከመንገድ አንሥቶ የሚያሳድግ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ድንጋይ ሲወረወርበት የኖረ ውሻ አንገቱ ላይ ገመድ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራቱን ቆልፎ መሬት ላይ ይለጠፋል። ታዲያ ጎትተን ብናስኬደውና ዝም ቢል፣ ለመደ ማለት እንችላለንን?

እ.ኤ.አ. በ1967 ሴሊግማንና ማየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አንዳንድ ውሾችን ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ፈተኑ። በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው አብዛኞቹ ከመሸሽ ይልቅ ተኝተው ሥቃዩን ተቀበሉ። እንግዲህ ተስፋ መቁረጥም ዝም ያሰኛል ማለት ነው።

በእርግጥ ገመዱ ያስፈልጋል፤ ውሻውን ከባጃጅና ከመኪና ያድነዋል፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይወሰድበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ገመዱን ከምግቡ አጠገብ እናኑረው። አሽትቶ ሲለምደው ለጥቂት ደቂቃ እንሰርለት፤ በግቢ ውስጥ እያየነው እየጎተተ ይዙር። ከዚያም ጫፉን ሳንወጥር ይዘን አብረነው እንራመድ። ሲፈራ እንቁም፤ ሲረጋጋ እንቀጥል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

«ለውሻ ይህ ሁሉ ትዕግሥት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የገመዱን ጫፍ የያዘ ብርቱ የደካማውን እርምጃ ቢጠብቅ ክብሩ አይጎድልም እንላለን። በየቤታችን የምናዛቸው ታናናሾቻችንስ? ዝም የሚሉን አምነውን ነው ወይስ ፈርተውን? እስቲ እንጠያየቅ።