መመካታችን በምን ይሁን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ እኛ የጭሮ ልጆች በጨርጨር ተራሮችና በገለምሶ ቡና እንመካለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን አስተዳድረዋል። በሚኤሶ በኩልም የአቡነ ሳሙኤል ገዳም፥ ደብረ ወገግ አሰቦት አለልን።

ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ቆሮንቶሳውያንን እንዳስተማረው፥ የተቀበልነው ሁሉ ስጦታ ነው፤ ለትምክሕት አይሆንም። ስጦታም አደራ አለበት። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን ተቃጥሏል። የተራራውን ስም በማወደስ እሳት አይጠፋም፤ ውኃና አፈር የሚይዝ እጅ ያሻል።

ስለዚህ በክረምት ችግኝ እንትከል፤ አረጋውያንን ጠይቀን ታሪካችንን እንጻፍ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እናክብር፤ አገሩ የእነርሱም ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።