የእረኛው ፈቃድ

በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮ ዙሪያ፣ የገብስ ማሳ አጥር የለውም፤ አጥሩ ልጅ ነው። በጎቹ ቡቃያውን እንዳያበላሹ፣ ቀበሮም ግልገሉን እንዳይነጥቅ፣ አንድ ልጅ ከማለዳ እስከ ምሽት በብርድና በነፋስ መካከል ቆሞ ይውላል። ከበጎቹ ጠጉር ባና ይሠራል፤ ሙክቱም ተሸጦ ጨውና ማዳበሪያ ይገዛል። ለዚህ ሁሉ ሀብት የልጁ ጉልበት መሠረት ሆኖ ሳለ በቤተሰቡ ሒሳብ ውስጥ ግን ስሙ አይነሣም።

ለመሆኑ ይህ ብዝበዛ ነውን? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚናገረው ስለ ቅጥር ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል ውል የለም።

ባሱና ቫን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ለሥራ የሚያሰማሩት የአዋቂዎች ገቢ ለኑሮ ሳይበቃ ሲቀር ነው ከሚል መነሻ ተነሥተዋል። ለመንዝ ይህ ግማሽ እውነት ነው። በጉ አምስትም ይሁን ሃምሳ፣ የሚጠብቀው አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ የአምስት በግ ባለቤት የሆነው ድሃ ለትንሿ ሀብቱ የሚከፍለው ባለ ሃምሳው የሚከፍለውን ያህል ነው፤ ይኸውም የአንድ ልጅ የትምህርት ዘመን። ይባስ ብሎ፣ ችግረኛን ለመርዳት የተሰጠች በግ ልጁን ከትምህርት ገበታ ልትነጥቅ ትችላለች። ለጋሹ ይህን ሲያስብ እምብዛም አይታይም።

ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ «ኮበለለ» ይባላል። ቃሉ ከጌታው ለጠፋ አገልጋይም የሚነገር ነው! አባቱ ቢልከው ኖሮ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» በተባለ ነበር። በከተማ የሚጠብቀው የሊስትሮ ሣጥን ወይም የቀን ሥራ በመሆኑ ነፃ ወጣ ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የወሰነውን ውሳኔ እንደ ጥፋት መቁጠር ሌላ በደል ነው። በቤቱ እምቢ ማለት የማይችል ሰው፣ እሺታውስ በምን ይታወቃል?

አምስት ጎረቤታሞች በጎቻቸውን ቀላቅለው በተራ ቢያስጠብቁ አንዱ ልጅ ከአምስት ቀን አንዱን ብቻ ከትምህርት ይቀራል። ይህ አዋጅም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ስምምነት እንጂ። ተራው ሲደለደል ግን የሚቀመጡት አባቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በብርድ የሚቆመው ልጅ በዚያ ሰዓት በጎቹ ዘንድ ነው።