የጎረቤት ጣሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሐምሌ ሲገባ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደስታ አለ። ዝናቡ ከላይ ሲያንዶቆድቀው ብርድ ልብስን ጠቅለል አድርጎ መተኛት። ጠዋት ስንነሣ "የሌሊቱ እንቅልፍ እንዴት ይጥማል!" እንባባላለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ከአጥራችን ማዶ ግን በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ዝናብ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው አንዲት እናት እየተነሡ ሳህን ያስቀምጡ ነበር። ጣሪያቸው ሦስት ቦታ ያፈሳል። አንዱ ሳህን ሲሞላ ደፍተው ይመልሱታል፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፤ እንዲያ ሲሉ ይነጋል።

ችግረኛ መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ብር በፖስታ አድርጌ በቤት ሠራተኛችን እጅ እልክላቸው ነበር። ስለ ሳህኖቹ ግን አልሰማሁም። ፖስታ ቀና ብሎ ጣሪያ አያይም!

ሐምሌ 7 ቅድስት ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የገቡበትን በዓል እናከብራለን። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ይገኛል። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። አባቶች እንደሚተርኩልን እህል ከቀመሰ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ያለ እንግዳ ማዕድ መቅረብ ልማዱ አይደለምና። ሰይጣን ቀንቶበት ራሱን ፈንክቶ መንገድ ዳር ቆሞ፣ አብርሃም የድሮው አብርሃም አይደለም፣ እንግዳ መደብደብ ጀምሯል እያለ መንገደኛውን ሁሉ አስቀርቶበታል።

እስከዚህ ያለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዛሬ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እንግዶቹ ከታዩ በኋላ በዚያ ቤት የሆነውን ግርግር ነው። የ99 ዓመቱ ሽማግሌ ሮጠ። ወደ ሣራ ገብቶ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ እንድትጋግር ነገራት። ከዚያ ወደ ከብቶቹ ሮጦ መልካሙን ጥጃ መረጠና ለብላቴናው ሰጠው፤ ብላቴናውም ሊያዘጋጅ ተቻኮለ። እንግዶቹ ሲመገቡ አብርሃም ራሱ ከዛፉ ሥር ቆሞ አሳለፈ። ይህ ሰው ድሃ አልነበረም። በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎችን አስከትሎ የወንድሙን ልጅ ሎጥን ለማስጣል የዘመተ ጌታ ነው። አንዱን ጠርቶ "አስተናግዳቸው" ቢል ይበቃ ነበር። አላለም። ባል ሮጠ፣ ሚስት አቦካች፣ ብላቴናው ተቻኮለ። የብላቴናውን ስም መጽሐፉ አልጻፈልንም፤ መቻኮሉን ግን ጻፈልን።

ወገኖቼ፣ በእኛ ቤት ምጽዋት የሚሰጠው ማነው? አባት ወይም እናት። ልጆቹስ የት ናቸው? ቴሌቪዥን ፊት። እኛ እንሰጣለን፣ እነሱ ደግሞ ሲሰጣቸው ያድጋሉ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው "የዛሬ ልጅ ለሰው አያዝንም" ብለን እናማቸዋለን። የት ይማሩት? ብላቴናውን ከድንኳኑ ያስወጣነው እኛው ነን።

ባለፈው ክረምት የእድራችን ዳኛ በስብሰባ ላይ ተነሥተው "የእማማ ቤት ይህን ክረምት አይሻገርም" አሉ። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ዳኛው አዩኝና "ለቆርቆሮው ገንዘብ ተገኝቷል፣ የወረዳው ወጣቶችም በክረምት በጎ ፈቃድ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አሁን የጎደለን እጅ ነው" አሉኝ። አፈርኩ። ቅዳሜ ለመሄድ ተነሣሁ። ልጆቹን ይዤ የሄድኩት ግን አስቤበት እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናታቸው ለሠራተኞቹ የሚሆን ሽሮ ወጥ ላይ ናት፣ የሚጠብቃቸው ሰው ጠፋ። እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ በሞግዚት ማጣት በኩል ያስተምራል።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ 6። በሩን አልፈን ስንገባ ልጁ አፍንጫውን ያዘ። እርጥብ ጭቃ፣ የከሰል ጭስ፣ የሻገተ ልብስ አንድ ላይ ይሸታል። በዐይኔ ገሠጽኩት። እማማ ግን አይተውት ኖሮ "ተወው ልጄ፣ እኔም ይሸተኛል፤ ቆርቆሮው ሲቀየር ይለቃል" አሉ። እንዲህ ብለው ከእፍረቱም ከቁጣዬም አዳኑት።

ከወጣቶቹ አንዱ ልጁን ጠራና የቆርቆሮ ምስማር የሞላበት ጣሳ ከፊቱ አስቀመጠለት። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ትናንሽ ክቦች አሉ። ምስማሩ በተመታበት ቀዳዳ ውሃ እንዳይሰርግ በእያንዳንዱ ምስማር ላይ አንድ ክብ መሰካት አለበት። "አንተ ካልሰካህ እኛ አንመታም" አለው። ልጄ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ አንድ መጫወቻ ከአሥር ደቂቃ በላይ የማያቆየው ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎማ ሲሰካ ቆየ። ከላይ "ምስማር!" ሲሉ እፍኙን ይዞ ይሮጣል። ተቻኮለ እንዳለው መጽሐፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ልጆችን ለመልካም ሥራ ስንወስዳቸው ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው የይስሙላ ሥራ ነው፤ "ና፣ ይህችን ዳቦ አንተ ስጣቸው" ብለን ጎን ቆመን እናጨበጭባለን። ልጅ ደግሞ ይህን ያውቃል። ያለ እሱም ሥራው እንደሚሄድ ሲያውቅ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። በገጠር በደቦ ቀን ልጅ ውሃ ሲያመላልስ፣ ከብት ሲመልስ፣ ጠላ ሲያቀብል ማንም አያጨበጭብለትም፤ ውሃው ቢዘገይ ግን አጫጁ ይጮኽበታል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ክብር አለ። ታስፈልጋለህ ማለት ነውና። ዛሬ ከተማ ላይ ስንት ልጅ ነው "ታስፈልጋለህ" ሳይባል የሚያድገው?

ሁለተኛውን ትምህርት ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ቀትር ላይ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። አሮጌው ጣሪያ፣ ልጆቼ፣ እማማ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እኔ አላስተዋልኩም፤ ልጄ አስተዋለች። ቀረብ ብላ በጆሮዬ "አባዬ፣ እማማ እኮ አልፈለጉም" አለችኝ። ጌታ በተራራው ላይ ሲያስተምር ቀኝ እጃችን የምትሠራውን ግራዋ እንኳ እንዳታውቅ አዝዞናል፤ እኔ ግን ለግራ እጄ ስልክ አስይዣት ነበር። ፎቶዎቹን እዚያው አጠፋሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን አትርሱ፦ ልጁ የሚያየው የምትረዱትን ሰው ብቻ አይደለም፤ ያን ሰው እናንተ እንዴት እንደምታዩት ያያል።

በዚህ አጋጣሚ የብዙዎቻችንን ኃጢአት ላንሣ። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ስናይ ለልጃችን ምን እንለዋለን? "አየህ፣ ካልተማርክ እንዲህ ትሆናለህ!" አምስት ብር ጥለን የሰውየውን ክብር ወስደን እንሄዳለን። በዚያች ቅጽበት ልጁ ድህነት ቅጣት እንደሆነ፣ ድሃም ማስፈራሪያ እንደሆነ ይማራል። ጌታችን በፍርድ ቀን፣ የተራበውና የታረዘው እኔ ነበርኩ እንደሚለን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነግሮናል። ታዲያ በማን ነው ልጃችንን ያስፈራራነው?

ሦስተኛው ነገር የሆነው ወደ ማምሻው ነው። ሥራው ሲያልቅ እማማ ረከቦት አቅርበው ከሰል ማራገብ ያዙ። ቡናው ከእፍኝ እንደማይበልጥ አየሁ። "እማማ፣ ለእኛ ብለው አይቸገሩ፣ እንሄዳለን" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና "ጣሪያዬን ስትሠሩልኝ አትቸገሩ አላልኳችሁም፤ እናንተም አትከልክሉኝ" አሉ። ቁጭ አልኩ። ቆሎ ቀረበ። ትንሹ ልጄ በሁለት እጁ ተቀብሎ ከእናቱ እንዳየው "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። እማማም አገጩን ይዘው "እደግ፣ ተመንደግ" ብለው መረቁት። አብርሃም እንጎቻና ጥጃ አቀረበ፤ የልጁን የይስሐቅን ተስፋ ከእንግዶቹ ተቀበለ። ሰጪው ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ነው የሚወጣው። መስጠት ብቻ የሚያውቅ፣ የድሃ ቡና ግን የማይጠጣ ሰው ገና አልሰጠም፤ ከላይ ወደ ታች ወረወረ እንጂ። ልጆቻችን ከእማማ እጅ ቆሎ ተቀብለው፣ ተመርቀው ሲወጡ ያን ጊዜ ጎረቤት ሆኑ።

አንዳንዶቻችሁ "እኛ እኮ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የልደት ቀናቸውንና የሠርጋቸውን ድግስ ወደ መቄዶንያ መርጃ ማዕከል ወስደው ከአረጋውያንና ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ማዕድ የሚቆርሱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ልደት በዓመት አንዴ ነው፤ የጎረቤታችን ጣሪያ ማክሰኞም ያፈሳል። አንድ ትልቅ ጉዞ ከምታቅዱ አንድ ትንሽ ልማድ ትከሉ። ከየት እንጀምር ካላችሁ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያሻም። የእድራችሁን ዳኛ ጠይቁ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ያውቃሉ። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ፦ "ምን እናግዝዎት?" በሉ። እኛ ልብስ ይዘን እንሄዳለን፤ እሳቸው የሚፈልጉት ምናልባት የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስታውሳቸው ሰው ነው። ትንሹ ልጅ ውሃ ይቅዳ። ፊደል የለየው መዝሙረ ዳዊት ያንብብላቸው። ከፍ ያለው የሰፈሩን ታናናሾች በክረምት ያስጠና። በውጭ አገር የምትኖሩም እንዲሁ፤ አማርኛው ተሰባበረ ብላችሁ የምታዝኑበት ልጅ፣ የአገሩ ቋንቋ ላልገባቸው ለአንዲት የቤተ ክርስቲያናችሁ እናት የመጣ ደብዳቤ ቢያነብላቸው እሳቸው ፍሬ ነገሩን ያገኛሉ፣ እሱ አማርኛውን ያገኛል።

ቤተሰቡ አብሮ ይሂድ የምለው ደግሞ በከንቱ አይደለም። ክብርት አበበች ጎበናን ሁላችን እናውቃቸዋለን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወደ ወሎ ወርደው ረሃቡን አዩ፤ ከዚያ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ። ሌሎችም ተጨመሩ። የገዛ ቤታቸው ግን ይህን ሸክም አብሮ ሊሸከም አልቻለም፤ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ለመውጣት ተገደዱ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። እንዲህ ያለ ጽናት ለጥቂቶች የሚሰጥ ጸጋ ነው። እኛ ለብቻችን የምንሸከመው ግን ቶሎ ይከብደናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? በቤታችሁ ያሉትን ሎሚዎች ለልጆቹም አካፍሏቸው።

እነሆ እኔም የዚያን ቅዳሜ ማታ ልንገራችሁና ላብቃ። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ከእንቅልፌ ስነቃ ትንሹ ልጄ ከአልጋው ወርዶ በጨለማ መስኮቱ ሥር ቆሟል። "ምን ሆንክ?" አልኩት። ጆሮውን ወደ አጥሩ አዘንብሎ "አባዬ፣ እማማ ዛሬ ሳህን አያስቀምጡም አይደል? ጎማውን በደንብ ነው የሰካሁት" አለኝ።

እኔ በዚያ ዝናብ ስንት ክረምት ተኝቻለሁ! ልጄ በስድስት ዓመቱ የሰው ጣሪያ ቀሰቀሰው። ጥማድ በሬ ወይም ፎቅ ቤት ባላወርሰው አይቆጨኝም፤ ይህችን ንቃት ግን እንዳያጣት እጸልያለሁ። ለእናንተም ልጆች እንዲሁ። የአብርሃምን ቤት የባረከ አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ለመልካም የሚቻኮሉ ያድርግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።