የሚታረመው ቃሉ ነው ወይስ ልጁ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። የሰዋስው ሰው ቢጠየቅ የቀኑ ስም «ረቡዕ» ነው ይላል፤ «ሮብ» የሕዝብ አንደበት ያሳጠረው ነው። ዳሩ ግን ሻጩም ሸማቹም ሮብ እያለ ስለ ኖረ፣ ቃሉ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ የቦታ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ሕዝብ ሲያሳጥረው ስም የሚሆን ቃል፣ ሕፃን ሲያሳጥረው ስለ ምን ጥፋት ይባላል?

ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ በየገጠሩ መማሪያ ክፍል የሚነሣ ጥያቄ ሆኗል። አንዲት ሕፃን ስለ እናቷ ስትጠየቅ፣ ገበያ ትሄዳለች ለማለት «ሺ ጎ» ትላለች። መምህሩ «ሺ ጎዝ» ብሎ ያርማታል፤ ትደግመዋለች። በማግሥቱ ግን ያው «ሺ ጎ» ነው። ወሩ ያልቃል፤ ስሕተቱ አያልቅም።

መምህሩ ይህን ከስንፍና ቢቆጥረው ይሳሳታል። አማርኛ «ትሄዳለች» ሲል አድራጊዋን በግሡ ውስጥ ይዟታልና «እርሷ» ማለት ግድ አይሆንበትም። እንግሊዝኛ ግን «ሺ» ብሎ ማንነቷን ከተናገረ በኋላ፣ በግሡ ጫፍ ደግሞ አንዲት ድምፅ ይጨምራል። ሕፃኗም ትርፍ የመሰላትን ጣለች፤ ይህ ማሰብ እንጂ አለማሰብ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሦስት ሕፃናት እንኳ ይህችን የግሥ ድምፅ የለመዷት፣ ብዙ ቁጥርን ከምታመለክተው ተመሳሳይ ድምፅ ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ ችግሩ የምላስ ሳይሆን የጊዜ ነው ማለት ነው።

ታዲያ መምህሩ ዝም ይበል? ዝምታም በደል አለበት። «ሮብ» የጸናው የሚገበያዩበት ሰዎች ሁሉ ስለ ተስማሙበት ነው፤ የሕፃኗ «ሺ ጎ» ግን የሚስማማለት የለም። በአማርኛ ብትሳሳት እናት፣ ጎረቤት፣ ባልንጀራ፣ ገበያው ራሱ ያርማታል። የእንግሊዝኛ ገበያ በዚያ አይቆምም። ባለጸጋው የከተማ ልጅ ከመጽሐፍና ከቴሌቪዥን የሚቀስመውን፣ እርሷ የምታገኘው ከመምህሯ አንደበት ነው፤ በኋላ ግን ሁለቱም በአንድ የፈተና ወረቀት እኩል ይጠየቃሉ። ስለዚህ «ሲያድጉ ይተዉታል» ብሎ ማለፍ ርኅራኄ ቢመስልም፣ የድኻውን ልጅ ባዶ እጁን መስደድ ይሆናል።

ያም ሆኖ እርማት ሁሉ አንድ አይደለም። በየቃሏ የምትቋረጥ ሕፃን ከጥቂት ቀን በኋላ እጇን ማውጣት ትተዋለች። በዝምታዋ ውስጥ ስሕተት አይገኝም፤ ቋንቋም አይገኝም። መምህሩ ይህን ጸጥታ እንደ ድል ከቆጠረው፣ ያረመው ቃሉን ሳይሆን ልጅቱን ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ ለዚህ ነገር የራሱ ምሳሌ አለው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ይሁን እንጂ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ላይ ያለው ጀማሪ፣ የስምንት ቤቱን መወድስ አልሞላህም ተብሎ አይጠየቅም። እርማቱ በደረሰበት ደረጃ ነው። «ሰዋስው» የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ መሰላል ማለት ነው፤ መሰላልን ደግሞ በአንድ ዝላይ የወጣው የለም።

እንግዲህ የመምህሩ ተግባር አስቀድሞ ነገሩን መስማት፣ ቀጥሎ ቃሉን ማቅናት ነው። ሕፃኗ «ሺ ጎ» ስትል፣ «ሺ ጎዝ ቱ ማርኬት?» ብሎ በደስታ ቢቀበላትና እናቷ ምን ልትገዛ እንደምትሄድ ቢጠይቃት፣ ትክክለኛውን ቃል ሰማች፤ የተናገረችውም ከንቱ አልቀረም። ይህ በአንድ ቀን ፍሬ አይሰጥምና ነገም ከነገ ወዲያም መደገም አለበት። የጸና ስሕተት የሚጠይቀው የጸና ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱም ሕፃኗ ስለ እናቷ የምትነግረው ነገር እንዳላት ከማመን ይጀምራል።