በልብ ስለ መስማት

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ10ኛው ምዕራፍ፥ እምነት የሚገኘው የክርስቶስን ቃል በመስማት መሆኑን ያስተምራል። ይህን ይዘው አንዳንድ ሰዎች፥ «እንግዲያስ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንዴት ሊያምን ይችላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ነገሩ የተማሪዎች ክርክር ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ሰው ወደ ጌታ ማዕድ ይቅረብ ወይስ ይራቅ የሚል ፍርድ ነውና በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባናል።

ይህ ጥያቄ በእናቴ እኅት ላይ ተነሥቶ ነበር። አክስቴ በሕፃንነታቸው በማጅራት ገትር ታመው ከሞት ቢተርፉም መስማትን አጡ። ንግግር ባይኖራቸውም፥ በሰፈሩ ከእርሳቸው ይልቅ ሰው የሚወድ፥ ሰውም የሚወደው አልነበረም። ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ በእጅ ምልክት ስም አውጥተው ነበር፤ አንዱን በጢሙ፥ አንዲቱን በነጠላዋ አጣጣል፥ አናጢውን በመጋዙ ይጠሩ ነበር። ቡና ባፈሉ ጊዜ በደጃቸው ቆመው በእጃቸው እየጠቀሱ አላፊ አግዳሚውን ያስገቡ ነበር። የእድሩን ጡሩምባ ባይሰሙም የሰውን ፊት አይተው ኀዘን መኖሩን ያውቁ ነበርና ከብዙዎች ቀድመው ይደርሱ ነበር። በለቅሶውም ቤት ሌላው ብዙ ሲናገር፥ እርሳቸው የኀዘንተኛውን እጅ ይዘው ይቀመጡ ነበር።

አክስቴ ወደ ጌታ ማዕድ ለመቅረብ በፈለጉ ጊዜ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ፥ «ወንጌልን ያልሰማ ምን ብሎ ይመሰክራል?» አሉ። ስብከቱን ሁልጊዜ በእጅዋ የምታስረዳቸው ልጃቸው ተነሥታ፥ ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ በምልክት ጠየቀቻቸው። አክስቴም የቀኝ እጃቸውን ጣት በግራ መዳፋቸው መካከል፥ የግራውንም በቀኙ አኖሩ፤ ምስማር የገባበትን ማሳየታቸው ነበር። ከዚህ በኋላ የገዛ ደረታቸውን ነኩ፤ ቀጥሎም ሽማግሌውን አመለከቱ። «ለእኔም ለእርስዎም» ማለታቸው ነበር። ሽማግሌው ዳግመኛ አልተከራከሩም፤ አክስቴ ባረፉ ጊዜም አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

በእውነት ጳውሎስ መስማት ሲል የጆሮን ሥራ ብቻ ማለቱ አይደለም። ከዚያው ቃል ቀጥሎ ስለ ሰማያት የተዘመረውን የዳዊትን መዝሙር ይጠቅሳልና፤ ሰማያትም የእግዚአብሔርን ክብር የሚያወሩት ያለ ድምፅ ነው። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የማይሰማውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱንም ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይም ተመለከተ። ቃሉን ከመናገሩ አስቀድሞ፥ ያ ሰው በዓይኑ አይቶ በአካሉ ተሰምቶት ሊያስተውለው በሚችለው መንገድ ቀረበው።

በእኛ ዘንድ ግን ክፉ ልማድ አለ፤ ጆሮው የማይሰማውንም፥ ልቡ የማያስተውለውንም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» እንላለን። እግዚአብሔር በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ የማይሰማውን ሰው መርገምን ከልክሏል። ተሰዳቢው ስድቡን ባይሰማም እግዚአብሔር ይሰማልና።

እንዲህ ያሉትን ማስተማር እንደሚቻልም ታሪክ ይመሰክራል። ቶማስ ጋሎዴት የተባለ አሜሪካዊ የወንጌል ሰባኪ መስማት የተሳናትን የጎረቤቱን ልጅ አሊስ ኮግስዌልን አይቶ፥ የማስተማሩን ጥበብ ሊማር ወደ አውሮፓ ተሻገረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1816 ዓመት፥ ራሱ መስማት የማይችለውን የፓሪስ መምህር ሎራን ክሌርን ይዞ ተመለሰ። በመርከብ ሳሉ ክሌር የእጅን ቋንቋ ለጋሎዴት፥ ጋሎዴትም እንግሊዝኛን ለክሌር አስተማሩ። በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አሊስም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዲቱ ሆነች። በአገራችንም ከ1960ዎቹ ወዲህ በዚያው አቆጣጠር በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል።

እንግዲህ ወዳጆቼ ሆይ፥ በቤታችሁ መስማት የተሳነው ሰው ቢኖር ከእንግዳ አትሸሽጉት። የወላጆቹ ኀጢአት ፍዳ ነው አትበሉ፤ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲህ ያለውን አሳብ ነቅፏልና። በፊቱ ስትስቁ ያሳቃችሁን ነገር ሳትነግሩት አትለፉ፤ በሳቅ መካከል ብቻውን የተተወ ሰው ኀዘኑ ጽኑ ነው። ልጅ ቢሆን ወደ ትምህርት ቤት ስደዱት፤ እናንተም የእጁን ቋንቋ ተማሩ። በጸሎት ቤትም የሰባኪውን ፊት በሚያይበት በፊተኛው ወንበር አስቀምጡት፤ የሚያስረዳውም ሰው ከጎኑ አይታጣ።

ጆሮ እያለን የወንድማችንን ችግር የማንሰማ ከሆንን፥ በፍርድ ቀን የማይሰማ የሚባለው ማን ነው? የተዘጋውን ጆሮ የከፈተ ጌታ የእኛንም የተዘጋ ልብ ይክፈትልን። አሜን።