አውሮፕላኑ ለማን ይነሣል?

ሪሻብ ፓንት የሚባለውን የክሪኬት ተጫዋች እኛ አገር የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ህንድ ውስጥ ግን የማያውቀውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ፣ እናቱን ሊጠይቅ ከዴልሂ ወደ ሩርኪ ብቻውን ሲነዳ መኪናው የመንገዱን አካፋይ ገጭታ ተገለባበጠች፤ ከዚያም በእሳት ተያያዘች። ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ጀርባው ተልጦ፣ የቀኝ ጉልበቱ ጅማቶች ተበጥሰው ከሞት ተረፈ። መጀመሪያ እዚያው ሩርኪ፣ ቀጥሎ ዴራዱን ታከመ። ታኅሣሥ 26 ቀን የህንድ ክሪኬት ቦርድ፣ ልጁ በመደበኛ አውሮፕላን ለመሳፈር በሚያስችለው ሁኔታ ላይ ስላልሆነ በአየር አምቡላንስ ወደ ሙምባይ እንደሚወሰድ አስታወቀ። ተወሰደም።

የታወቀ ሰው ተጎድቶ በአውሮፕላን ሲወሰድ ሕዝብ የሚለው በየአገሩ ይመሳሰላል። አንዱ ይጸልያል። አንዱ ይወቅሳል፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና። ስለ ፓንት መጀመሪያ የተሰማው እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር የሚል ነው፤ ቆይቶ ጉድጓድ ሊሸሽ ሲል ነው ተባለ፤ የአውራ ጎዳናው ባለሥልጣን ደግሞ ጉድጓድ የሚባል አልነበረም ብሎ ተከላከለ። በፍጥነት ስለነዳ ነው ያሉም ሞልተዋል። ሰው ተሰብስቦ ገንዘቡን ዘረፈው የሚል ወሬ ሳይቀር ተናፍሶ ፖሊስ አስተባብሏል። ሦስተኛው ድምፅ ከሁለቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ያጉረመርማል። «እኔ ብሆን ኖሮ ማን አውሮፕላን ያስነሣልኝ ነበር?» ይላል።

እኔን የያዘኝ ይህ ሦስተኛው ነው። የሚጸልየውን ምንም አልለውም፤ የሚወቅሰውም የመንገድ ምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ የሚፈርድ ስለሆነ ብዙ አያነጋግረኝም። የሚያጉረመርመውን ግን ልንቀው አልቻልኩም። በዚያው በፈረንጆቹ 2022 በህንድ መንገዶች ላይ 168,491 ሰው መሞቱን የአገሪቱ የመንገድ ትራንስፖርት ሚኒስቴር መዝግቧል፤ በየቀኑ ከ460 በላይ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፕላን የተነሣለት ስንቱ ነው ብሎ መጠየቅ ቅናት ነው ወይስ ፍትሕ መፈለግ? ቅናት ከሆነ ዝም ማለት ይሻላል። ፍትሕ ከሆነ ግን ዝም ማለቱ ራሱ ወደ ጥፋት ይጠጋል።

መጀመሪያ፣ አውሮፕላኑ ምን ሠራ? ብዬ ጠየቅሁ። ሕይወት አዳነ እንዳልል ቀኑ አይገጥምልኝም። አውሮፕላኑ የተነሣው አደጋው ከደረሰ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ልጁ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣ በኋላ ነው። ሕይወቱን ያዳኑት ሌሎች ናቸው። ከወዲያ በኩል ይመጣ የነበረ የሃሪያና ግዛት የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሾፌር መኪናዋ ስትገለባበጥ አይቶ ቆመ፤ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ጎተተው፣ ከእሳቱ አራቀው፣ ገላውን በጨርቅ ሸፈነው፣ አምቡላንስ ጠራለት። ይህ ሾፌር በኋላ ሲጠየቅ ክሪኬት እንደማያይና ሰውዬው ማን እንደሆነ እንዳላወቀ ተናግሯል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሕይወት ያተረፈው እርዳታ የተሰጠው ለኮከቡ አልነበረም፤ በደም ለተሸፈነ ለማይታወቅ ሰው ነው። ዝናው የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያ የሚያጉረመርመው ሰው «እኔ ብሆንስ?» ሲል፣ ለመጀመሪያው ሰዓት መልሱ «አንተም ብትሆን ያነሡህ ነበር» ነው ማለት ይቻላል።

ይቻላል ወይ? ያ ሾፌር የቆመው ደግ ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ ልለፈው አልፈለግሁም። ህንድ ውስጥ የተጎዳ ሰው ያነሣ መንገደኛ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት ይጉላላ ስለነበር ብዙ ሰው አይቶ ያልፍ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለእንዲህ ያለው ረዳት ጥበቃ የሚሰጥ መመሪያ አጸደቀ፤ በ2019 ደግሞ የተሽከርካሪ ሕጉ ሲሻሻል ጥበቃው በሕግ ገባ። ደግነት ብቻውን አልተተወም። እኛም ዘንድ «አንተ ነህ የገጨኸው» እንዳይባል ሰው ወድቆ እያየ ማርሽ ቀይሮ የሚያልፍ ሾፌር መኖሩን ከሾፌሮች ጋር ሻይ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። በሕግ በኩል ግን ባዶ አይደለንም። የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በትራፊክ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ የገንዘቡን ጣሪያ ግን እስከ 2,000 ብር አድርጎ ነው የወጣው። አዋጁ መልካም ነው። ሁለት ሺህ ብር ግን አሁን በግል ሆስፒታል የአንድ ራስ ሲቲ ስካን ዋጋ እንኳ አይሞላም። የሚያጉረመርመው ሰው የአውሮፕላኑን ኪራይ ትቶ ይህን ቁጥር ቢያነሣ ኖሮ እኔም አብሬው እጮህ ነበር።

ታዲያ አውሮፕላኑ ሕይወት ካላዳነ ለምን ተነሣ? ለጉልበት። ፓንት በጨዋታው ላይ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ ነው። በረጅሙ የክሪኬት ዓይነት በአንድ ቀን 540 ኳስ ይወረወራል፤ ለእያንዳንዱ ቁጢጥ፣ ለእያንዳንዱ ብድግ። ዴራዱን ላይ በሕይወት መኖር ይችል ነበር፤ ሙምባይ የሄደው እንደገና ቁጢጥ ለማለት ነው። ተሳካለትም፤ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ህንድ የዓለም ዋንጫ ስትወስድ ከቡድኑ ጋር ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ለአውሮፕላኑ ሊፈርድ ቃጣው። ወዲያው ግን፣ መርካቶ ኩንታል የሚሸከመው ሰውዬስ? አልኩ። የሱም እንጀራ ያለው ጉልበቱ ላይ ነው። የሱ ጅማት ቢበጠስ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ እንጂ የማንም የክብር ሰሌዳ አይጎድልም።

ገንዘቡስ የማን ነው? ይህም ለውጥ ያመጣል ብዬ አሰብኩ። የክሪኬት ቦርዱ ሀብታም የሆነው እንደ ፓንት ያሉ ልጆች ስለተጫወቱለት ነው፤ ሠራተኛው ሲጎዳ አሠሪው ቢያሳክም ማን ይከፋዋል? የሚያስከፋው፣ ካለ፣ የሌላው አሠሪ እንዲህ አለማድረጉ ነው። ነገር ግን የኡታራካንድ ግዛት ዋና ሚኒስትርም ወጪውን መንግሥታቸው እንደሚሸፍን ተናግረው ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚያ የተሸካሚው ግብር አለበት። እስከዚህ ድረስ ሚዛኔ የሠራልኝ መሰለኝ፤ የአሠሪ ገንዘብ ከሆነ ይብረር፣ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ይጠየቅ።

ሚዛኑን ያወላገደብኝ አበበ ቢቂላ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ከቶኪዮ ድሉ በኋላ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። ሌሊቱን መኪናው ውስጥ ተጣብቆ አድሮ ጠዋት ተገኘ። ከፊት የመጣ መኪና ሊሸሽ ነው የሚሉ አሉ፤ ጠጥቶ ነበር የሚሉም አሉ። ለሱ አውቶቡስ አልቆመለትም። አንገቱ ላይ አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። በሳምንቱ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ፣ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ያን ጊዜ የአየር አምቡላንስ የሚል ነገር በኛ ዘንድ አልተለመደም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ከመንግሥት ካዝና የወጣ ነውና በሚዛኔ መሠረት መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን ከሽማግሌም ሆነ ከወጣት፣ አበበ ለምን ወደ ውጭ ተላከ ብሎ ያማረረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ራሴም አንዴም አላማረርኩም። ለምን?

ውለታ ስላለብን ነው ብል ቀላል መልስ ነው። በ1952 በባዶ እግሩ ሮም ላይ፣ በ1957 ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ ያደረገውን አገር ከፍሎ አይጨርሰውም። ግን ውለታን የሕክምና መለኪያ ካደረግነው ወዴት እንደሚወስደን አየሁና ፈራሁ። አደጋው ከመድረሱ አምስት ወር በፊት አበበ ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ በአሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ግድም አቋርጦ ነበር፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። አልጋው ሽልማት ከሆነ፣ ሽልማት ደግሞ ከመጨረሻው ውድድር ጋር ከሄደ፣ አበበን የሚያሳክም አልነበረም። ስድስት ልጅ አሳድጋ ማንም ያላጨበጨበላት ሴትዮ ደግሞ ወረፋው ላይ ጭራሽ ስሟ አይገኝም። ሆስፒታል እንደ ሜዳልያ የሚታደል ከሆነ በሽታም ቢሆን ማጣሪያ ማለፍ ሊኖርበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ስለ በረራው ራሱ። ብዙዎቻችን ለበሽተኛ አውሮፕላን መነሣቱን እንደ ምቾት እናየዋለን። የአንድ መንገደኛ አውሮፕላን የውስጥ አየር በሰማይ ላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ የሳሳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንደመቆም ማለት ነው። ለኛ ምንም አይደለም፤ ቆላ ለኖረ፣ ሳንባው ለተመታ በሽተኛ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተራራ መውጣት ነው። ከባሕር ወለል ሲነሡ በአካል ውስጥ የታሰረ አየር በሲሦ ገደማ ያብጣል፤ ሳንባው አጠገብ አየር የቋጠረ ሰው ሳይፈስለት ቢበር ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም በሽተኛውን በአውሮፕላን የሚልከው፣ የመብረሩን አደጋ የሚያካክስ ነገር ከወዲያ ሲኖር ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ጥያቄዬን አዞረው። ማን በረረ ከማለት፣ ከወዲያ ምን ነበር ወደ ማለት።

ለአበበ ከወዲያ የነበረው ስቶክ ማንደቪል ነው፤ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ አይልስበሪ ከተማ አጠገብ ያለ ሆስፒታል። እዚያ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ አይሁዳዊ ሐኪም፣ አከርካሪያቸው ለተመታ ወታደሮች በ1944 እ.ኤ.አ. አንድ ክፍል ከፍቶ ነበር። ከሱ በፊት እንዲህ ያለ በሽተኛ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይሞት ነበር፤ የሚገድለውም አከርካሪው ሳይሆን ከመተኛት የሚመጣው የገላ ቁስልና የሽንት መመረዝ ነው። የጉትማን ዋና መድኃኒት ምን እንደነበር ሳነብ ተገረምኩ። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌት ተቀን፣ ማገላበጥ። ከዚያ አልጋ ላይ እንዳይቀር ሥራና ስፖርት መስጠት። በ1948 እ.ኤ.አ. በግቢው ያስጀመረው የቀስት ውድድር አድጎ የዛሬው ፓራሊምፒክ ሆነ፤ እንዲያውም አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን ያው የስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በዚያችው ሮም ተከፍቷል። አበበ እዚያ ስምንት ወር ያህል ታከመ፤ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. መጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በዚሁ ጨዋታ ቀስት ወረወረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በጭንቅላት ደም መፍሰስ እስኪሞት አራት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ኖረ።

እንግዲህ ባሕር አሻግሮ ያስኬደው ነገር አብዛኛው ማሽን አልነበረም፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ እጅ ነበር። እጅ ደግሞ ይሰለጥናል። አንድ ሰው ወደዚያ ከመብረሩ ሌላ፣ ያ እውቀት ወደዚህ ሊበርም ይችላል። ለዚህ ይመስለኛል ዛሬም ለታመመ አርቲስት መዋጮ ሲጠየቅ፣ የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ተይዞ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ህንድ ሲኬድ፣ እኔ ገንዘቤን ሰጥቼም የምከፋው። በሰውዬው አልከፋም፤ የሚወድ ሰው ለወደደው ቢያዋጣ የራሱ ነው። የምከፋው ምክንያቱ ከሸኖው ሌሊት ወዲህ ብዙም ባለመለወጡ ነው።

ማጉረምረሙን እስከዚህ አድርሼ ፍትሕ ነው ብዬ ልፈርድለት ስል ግን አንድ ጥያቄ ተረፈብኝ። የሚሠራው ሆስፒታል እስኪሠራ፣ እጁም እስኪሰለጥን፣ ዛሬ አንድ መቀመጫ ብቻ ቢኖርስ? መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ይሁንና አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው አንገታቸው ተሰብሮ ተኝተው፣ አንዱ አበበ፣ ሌላው ከሳር ቤት ጣሪያ የወደቀ ገበሬ ቢሆን፣ ወሳኙ እኔ ብሆን? ጉዳታቸው እኩል ነው፤ እድሜያቸውም እኩል። ዕጣ ማውጣት ትክክል እንደሆነ አእምሮዬ ያውቀዋል። እኔ ግን አበበን እልካለሁ። ለምን ብላ የገበሬው ሚስት ብትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ የለኝም።