በሕግ አምላክ ለማን ነው?

በጌጃ ሰፈር በኩል ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚጣደፈውን ባለጉዳይ ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። አያቶቻችን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ይሉ ነበር። ጠሪው ማን እንደሆነ ቀድመው አይጠይቁም። እኛስ?

ከጎረቤት ልጀምር። ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበችው ኬንያዊት ኦድሪ ምቡጉዋ፣ የፈተና ሰርተፊኬቷ ላይ ስሟ እንዲለወጥ፣ የጾታ ምልክቱም እንዲነሣ ጠየቀች። የፈተናው መሥሪያ ቤት እምቢ ቢላት ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ2007 ዓ.ም. ተፈረደላት። በአሜሪካ ደግሞ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ትራንስጀንደር ልጆች ጾታ ለመለወጥ የሚሰጠውን ሕክምና የከለከለውን የቴነሲ ሕግ 6 ለ 3 አጸና። ከሳሾቹ ተረቱ። ግን ተደመጡ።

«ባህላችን አይደለም» ትሉኛላችሁ። አልዋሽም፣ ነገሩ ለእኔም ይከብደኛል። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ጉዳይን ለፍርድ የማቅረብ መብት የሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው፤ የምንወደውን ለይቶ አይደለም። ዳኛ አድምጦ ሊፈርድብህ ይችላል፤ ሳያደምጥ ግን ምን ፍርድ አለ? ለወደድነው ብቻ የምንቆም ከሆነ ያቆመን ዝምድና እንጂ ሕግ አይደለም።

እንግዲህ ጓዶች፣ በራችንን የዘጋንበት ሰው ነገ «በሕግ አምላክ!» ቢለን እንቆማለን?